የቤቱ ደጃፍና ሕጉ፦ የቤት ውስጥ ጥቃት በኢትዮጵያ የሕግ ታሪክ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በአቅራቢው የታረመ)



ንግግሬን በአንድ አጥር እጀምራለሁ። ባደግሁበት ሰፈር የእኛን ግቢ ከጎረቤታችን ግቢ የሚለየው የእንጨት አጥር ጥግ ላይ፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ክፍተት ነበረ። አባቴ ክረምት በወጣ ቁጥር አጥሩን ያድሳል፤ ያቺን ክፍተት ግን አይነካትም። ምክንያቱ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ጎረቤታችን አንዳንድ ሌሊት ትንሹን ልጇን አዝላ በዚያች ክፍተት ሾልካ ትገባና ከእናቴ ጋር ታድራለች። ሲነጋ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፤ ቡና ይፈላል፤ ባል ይመከራል፤ እርሷም ትዳሯን እንድታከብር ተነግሯት በትልቁ በር ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ፖሊስ የጠራ ሰው አላስታውስም። እናቴን ስጠይቃት የምትመልስልኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ገመና ነው፤ አፍህን ያዝ።»

ገመና በቋንቋችን ከባድ ቃል ነው። የሰውን ገመና የሸፈነ ይመሰገናል፤ ያወጣ ይወቀሳል። መሸፈኑ በራሱ ክፉ ምግባር አይደለም። የታሪክ ተማሪ ግን አንድ ጥያቄ ማንሳት አለበት፤ ገመና ሲሸፈን የተሸፈነው ማን ነው? የተመታችው ናት ወይስ የመታት?

ዛሬ የማቀርበው የዚህን ጥያቄ የሕግ ታሪክ ነው። የምከራከርለት ሐሳብ አጭር ነው። ባለፉት ሰባ ዓመታት ገደማ በሕጋችን ውስጥ ጋብቻ ለአጥቂው ሦስት ዓይነት መከለያ ሆኖ አገልግሏል። የመጀመሪያው የመታዘዝ ግዴታ ነበር። ሁለተኛው፣ ጠልፎ ወይም ደፍሮ ማግባት ከክስ የሚያድን መሆኑ ነበር። ሦስተኛው፣ ሕጉ ከመኝታ ቤቱ በር ላይ መቆሙ ነው። ሁለቱ በብዙ ድካም ፈርሰዋል፤ ሦስተኛው ግን ዛሬም ቆሟል። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላም ጉድለት አለ። ሕጋችን ከጉዳት በኋላ መቅጣትን ተምሯል፤ ከጉዳት በፊት መጠበቅን ግን ገና አልተማረም።

ከዘመናዊው ሕግ በፊት

ዘመናዊዎቹ ሕጎች ከመታወጃቸው በፊት አገሪቱ ባዶ ሜዳ አልነበረችም። በደጋው ክርስቲያናዊ ክፍል በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብጻዊው ሊቅ በኢብን አል አሣል በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ለዘመናት የሕግ ምንጭ ሆኖ ኖሯል፤ በሌሎች አካባቢዎች ሸሪዓ፣ በሁሉም ዘንድ ደግሞ የየብሔረሰቡ ልማድ ይሠራ ነበር። ለባልና ሚስት ጠብ ግን የመጀመሪያው፣ አብዛኛውን ጊዜም የመጨረሻው ችሎት ሽምግልና ነበር።

ሽምግልና ትልቅ ሀብታችን ነው። የድንበር ጠብን ያበርዳል፤ ደም ያደርቃል፤ የተቆራረጡ ቤተሰቦችን ያቀራርባል። ዓላማው ግን እርቅ ነው፤ እርቅ ደግሞ ሁለቱ ወገኖች በተቀራረበ አቅም ፊት ለፊት ሲቀመጡ ይሰምራል። ርስቱም፣ ከብቱም፣ ቃሉም በአንደኛው እጅ ሲሆን እርቅ ማለት ሁለተኛዋ ወደነበረችበት መመለሷ ነው። ሴትንና አህያን ከዱላ ጋር የሚያጣምረውን ተረት እዚህ አልደግመውም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሚያስጨንቀው ተረቱ መኖሩ ብቻ ሳይሆን ሽማግሌውም፣ ባልም፣ አንዳንዴም ሚስት እርሷ ራሷ እየሰሙት ማደጋቸው ነው።

ይሁንና «የሴት መብት ከውጭ የመጣ ነው» የሚለውን አነጋገር የራሳችን ታሪክ አይደግፈውም። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ያገባች ሴት የምትይዘው ሲንቄ የተባለ በትር አለ። አንዲት ሴት በተለይ በአራስነቷ ወራት በባሏ ከተደበደበች፣ የአካባቢው ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው፣ ቤታቸውንና ሥራቸውን ትተው በአንድነት ይወጣሉ፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ካሣ እስኪሰጥና እስኪታረቅ ድረስም አይመለሱም። በጉራጌ ደግሞ የቃቄ ውርድወት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በባል ላይ ሚስት የማግባትን ልማድ ተቃውማ፣ ሴት ከማትፈልገው ትዳር የምትወጣበትን መብት በሽማግሌዎች ሸንጎ ፊት መጠየቋ እስከ ዛሬ ይተረካል። ሁለቱም የሚያሳዩን አንድ ነገር ነው። ሴቶች የራሳቸው ሸንጎ ወይም የራሳቸው ድምፅ በነበራቸው ቦታ የቤቱ ጉዳይ አደባባይ ይወጣ ነበር። ገመና የሆነው ድምፅ ባጡበት ቦታ ነው።

የ1949 እና የ1952 ሕጎች

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተቋቋመው መንግሥት አገሪቱን በአንድ ወጥ ሕግ ለማስተዳደር ቆርጦ ተነሣ። ለዚህም የውጭ ሊቃውንትን ጋበዘ። የ1949 ዓ.ም.ን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ሲሆኑ፣ የ1952 ዓ.ም.ን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሁለቱም ሕጎች በጊዜያቸው ትልቅ ሥራ ነበሩ፤ ዛሬም ብዙው ክፍላቸው ይጠቅመናል። ከእነርሱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የወጣው የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ደግሞ ቤተሰብ በሕግ ልዩ ጥበቃ እንዲደረግለት ደንግጎ ነበር። አነጋገሩን ልብ በሉ፤ ጥበቃው ለቤተሰብ ነው። በቤተሰቡ ውስጥ ላለችው ሰው ጥበቃ ያስፈልጋት እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ፣ ሚስት ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ግዴታ ጣለባት። መኖሪያ ቦታን የሚመርጠው ባል ነበር። አንቀጽ 644 ባል ለሚስቱ ጥበቃ እንዲያደርግ ካዘዘ በኋላ፣ ለቤተሰቡ ጥቅም እስከሆነ ድረስ የሚስቱን ግንኙነቶች እንዲቆጣጠርና በአኗኗሯ እንዲመራት ፈቀደለት። ሕጉ «ምታት» አላለም፤ እንዲያውም የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ ማንኛውንም ሰው መምታት ይከለክል ነበር። ነገር ግን አንዱን አዛዥ፣ ሌላዋን ታዛዥ ያደረገ ሕግ፣ ትእዛዝ ሲጣስ አዛዡ ምን እንዲያደርግ እንደሚጠበቅ ለልማድ ትቶታል። የልማድ መልስም የታወቀ ነበር።

ከትዳሩ ልውጣ ብትልስ? ክርክሩ በቅድሚያ የሚሄደው ወደ ቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነው። ሕጉ ከባድ የፍቺ ምክንያት ብሎ በዘረዘራቸው ውስጥ ዝሙትና ቤት ጥሎ መጥፋት ሲገኙ ድብደባ በስሙ አልተጠቀሰም። ያለ «ከባድ ምክንያት» ፍቺ የጠየቀ ወገን በንብረት ክፍፍል ሊጎዳ ይችል ስለነበር፣ የተደበደበችው ሴት ዕጣ በሽማግሌዎቹ አመለካከት ላይ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር። የመጀመሪያው መከለያ ይህ ነው።

ሁለተኛው መከለያ በወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ ውስጥ ነበር። አንቀጽ 558 ጠለፋን ወንጀል ካደረገ በኋላ፣ ተጠላፊዋ በፈቃዷ ከጠላፊዋ ጋር ሕጋዊ ጋብቻ ከፈጸመች ክስ እንደማይቀርብ ደነገገ። አንቀጽ 599 ይህንኑ ወደ አስገድዶ መድፈር አሰፋው፤ ተበዳይዋ ደፋሪዋን ካገባች ክስ የለም፤ ቀድሞ የተፈረደበትም ከሆነ ቅጣቱ ይቋረጣል። በወረቀት ላይ «በፈቃዷ» የሚል ቃል አለ። በመንደሩ ግን ልጅቱ በጠላፊው ቤት ታግታ ሳለች ሽማግሌዎች ወደ ወላጆቿ ይላካሉ፤ ከብት ይቀርባል፤ «ከእንግዲህ ማን ያገባታል?» ይባላል። ፈቃድ የሚባለው ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ዝምታ ነው። ስለዚህ ሕጉ ሳያስበው ለጠላፊው መንገዱን አሳየው፤ ከክስ ለመዳን ያለው ብልሃት ጋብቻውን ቶሎ መጨረስ ነው።

ሦስተኛው መከለያ በአራት ፊደልና በሁለት ፊደል የተጻፉ ሁለት ቃላት ናቸው፤ «ከጋብቻ ውጭ»። አስገድዶ መድፈር ወንጀል የሚሆነው ከጋብቻ ውጭ ሲፈጸም ብቻ ነው ተባለ። በእነዚህ ሁለት ቃላት ላይ በኋላ እመለሳለሁ።

ከአብዮቱ በኋላ

የ1966 ዓ.ም. አብዮት መሬትን ከባላባት፣ ትርፍ ቤትን ከባለቤቱ ወስዷል። የሴቶች እኩልነትም በመፈክርና በመዋቅር ተነሥቷል፤ የአብዮታዊ ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር እስከ ቀበሌ ድረስ ተደራጅቷል። ኢትዮጵያ በሴቶች ላይ የሚደረግን ማናቸውንም ልዩነት ለማስወገድ የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው በ1973 ዓ.ም. ነው። በ1980 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥትም የሴትና የወንድ እኩልነትን ጽፏል።

ሆኖም የ1949ም ሆነ የ1952 ሕግ በዚህ ረገድ እንዳሉ ቀሩ። በአንድ አገር ውስጥ የእኩልነት ስምምነትና የታዛዥነት አንቀጽ ጎን ለጎን ኖሩ። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ነው፤ የመሬት ባለቤትነትን በአንድ አዋጅ የለወጠ መንግሥት ሚስት ለባል ትታዘዝ የሚለውን አንቀጽ መለወጥ አላቃተውም። አንገብጋቢ ሆኖ አልታየውም እንጂ። በነገራችን ላይ ዓለም አቀፉ ስምምነት ራሱ በ1973 በተቀበልነው ጽሑፉ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት በግልጽ አይናገርም፤ የስምምነቱ ኮሚቴ ጥቃት የልዩነት አንዱ መልክ መሆኑን አብራርቶ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ገመና የኢትዮጵያ ብቻ ጠባይ አልነበረም ማለት ነው።

ከ1987 እስከ 1997

የለውጡ አሥር ዓመታት እነዚህ ናቸው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ ወንድና ሴት እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶችን የሚጨቁኑ ወይም በአካላቸው ወይም በአእምሯቸው ላይ ጉዳት የሚያደርሱ ሕጎች፣ ወጎችና ልማዶችን ከለከለ። በዚሁ ወቅት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና ባልደረቦቻቸው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ ለተጠቁ ሴቶች ነጻ የሕግ አገልግሎት እየሰጠ፣ ሕጎቹ እንዲለወጡ ይወተውት ጀመር።

በ1989 ዓ.ም. በአርሲ የሆነው ነገር ክርክሩን ከቢሮ ወደ አገር አወጣው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈችና የተደፈረች የ14 ዓመት ልጅ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በጥይት ገደለች። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች፤ ማኅበሩ ጠበቃ ሆነላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ ነጻ አወጣት። ታሪኩ ኋላ «ድፍረት» በተባለው ፊልም መነሻነት በውጭ አገርም ታውቋል። ለሕግ ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር ግን ይህ ነው፤ ጠላፊው በሕይወት ኖሮ ቢያገባት ኖሮ የአገሪቱ ሕግ እርሱን የሚጠይቅበት ምክንያት አልነበረውም። እርሷ ግን ስለተከላከለች ተከሰሰች። ያ ችሎት ያጋለጠው አንዲትን ልጅ ሳይሆን አንቀጽ 558ን ነበር።

በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213 ወጣ። የመታዘዝ ግዴታ ተሰረዘ። በምትኩ ባልና ሚስት እንዲከባበሩና እንዲተጋገዙ፣ ቤተሰቡንም በእኩልነት እንዲያስተዳድሩ ታዘዘ። ለሴት 15 ዓመት የነበረው የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። ፍቺ ጥፋትን ማስረዳት ሳይጠይቅ በስምምነት ወይም በአንደኛው ወገን ጥያቄ የሚፈጸም ሆነ፤ ወሳኙም ፍርድ ቤት ሆነ፤ ሽማግሌዎች በማስታረቅ ሙከራ ላይ ተወሰኑ። የመጀመሪያው መከለያ ፈረሰ። ሕጉ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ስለነበር፣ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ እስኪያወጡ ድረስ የመኖሪያ ቦታ የሴቲቱን መብት ይወስን ነበር፤ አንዳንዶቹ ለብዙ ዓመታት ዘግይተዋል።

ይህ ሁሉ በሰላም የመጣ አይምሰላችሁ። በ1993 ዓ.ም. ሴቶች በአዲስ አበባ በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት በመቃወም ሰልፍ ወጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ስለ አንዲት ተጠቂ ጉዳይ መንግሥትን በአደባባይ በመተቸቱ ታገደ፤ የባንክ ሒሳቡም ተዘጋ። እገዳው የተነሣው ከሳምንታት በኋላ ነው።

ከዚያ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጉ ተሻሻለ፤ ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። አንቀጽ 587 ጠለፋን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ አድርጎ፣ ኋላ የተፈጸመ ጋብቻ ከወንጀል ኃላፊነት እንደማያድን በግልጽ ጻፈ። ሁለተኛው መከለያም ፈረሰ። አንቀጽ 564 ደግሞ በአገራችን የሕግ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በትዳር ጓደኛ ወይም ሳይጋቡ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት ስም ሰጥቶ በወንጀል ሕግ አሰፈረው።

ሕግ በወረቀት ላይ መለወጡ ግን ዳኛውን ወዲያው አይለውጠውም። እ.ኤ.አ. በ2001 በአርሲ አቦምሳ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች፤ ወንጀለኛው ቢፈረድበትም በይግባኝ ተለቀቀ። ጉዳዩ እስከ አፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ደርሶ፣ ኮሚሽኑ ኢትዮጵያ ልጅቱን መጠበቅ ባለመቻሏ ኃላፊ ናት ብሎ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንዲከፈል ወስኗል። የውሳኔው ትምህርት ሰፊ ነው። በግለሰብ የተፈጸመ ጥቃት፣ መንግሥት ሊከላከለውና ሊቀጣው ሲገባ ካልተከላከለውና ካልቀጣው፣ የመንግሥት ጥፋት ይሆናል።

አንቀጽ 564 ምን ይሠራል? ምን አይሠራም?

አሁን ተማሪዎቼ በትኩረት እንዲያዳምጡኝ እፈልጋለሁ፤ የሕግ አንቀጽ ማንበብ ማለት የሚጠቅሰውን ሌላ አንቀጽ ተከትሎ መሄድ ነውና። አንቀጽ 564 የራሱ ቅጣት የለውም። ከአንቀጽ 555 እስከ 560 ባሉት የአካል ጉዳት ድንጋጌዎች ይቀጣል ይላል። እንከተለው። ከባድ የአካል ጉዳት እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል፤ ይህ ጥሩ ነው። ቀላል የአካል ጉዳት ግን በመሠረቱ ተበዳይዋ ራሷ አቤቱታ ስታቀርብ ብቻ የሚያስከስስ ነው። ከዚያ ወደ አንቀጽ 560፣ ወደ እጅ እልፊት እንደርሳለን። እዚያ የምናገኘው፣ ሰንበርም ሆነ እብጠት ወይም ለጊዜው የሚቆይ ሕመም እንደ አካል ጉዳት እንደማይቆጠር ነው። ቅጣቱም በአመዛኙ ትንሽ መቀጮ ነው።

ይህ አደረጃጀት ለመጠጥ ቤት ጠብ ይበቃ ይሆናል። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ምሽት ተማትተው ቢለያዩ፣ ሰንበሩ በሳምንት ይድናል፤ ነገሩም ያበቃል። የቤት ውስጥ ጥቃት ግን ከአንድ ምሽት የሚለየው በመደጋገሙ ነው። ጥፊው ዛሬ፣ ገንዘብ መከልከሉ ነገ፣ ስልክ መንጠቁ ከነገ ወዲያ፣ ማስፈራራቱ በየቀኑ ነው። ሕጉ እያንዳንዱን ሰንበር ለብቻው ይመዝናል፤ ለብቻው ሲመዘን ደግሞ እያንዳንዱ ቀላል ነው። የገንዘብ ጥቃትና የማያቋርጥ ቁጥጥር በዚህ ሚዛን ላይ ጭራሽ አይወጡም።

አቤቱታ አቅራቢዋን ደግሞ አስቡ። ጧት ጣቢያ ሄዳ ታመለክታለች። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለአብዛኛው እንዲህ ዓይነት ክስ ዋስትና ይፈቅዳል። ተከሳሹ በዋስ ይወጣል፤ መኖሪያ አድራሻው ደግሞ የእርሷው ቤት ነው። ማታ የሚገናኙት አንድ ጣሪያ ሥር ነው። በእርግጥ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ተከሳሹ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ወይም ምስክር ያባብላል የሚል ሥጋት ካለ ዋስትና መከልከልን ይፈቅዳል፤ አስተዋይ ዳኛ ይህን በር ሊጠቀምበት ይችላል። ነገር ግን የሴቲቱ ደኅንነት በአንድ ዳኛ አስተዋይነት ላይ ሊንጠለጠል አይገባም።

አኃዞቹ ይህንኑ ያሳያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ባደረገው የብዙ አገሮች ጥናት፣ በቡታጅራ አካባቢ ትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው በጓደኛቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። እ.ኤ.አ. የ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል 66 በመቶው እርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም አልተናገሩም። ተስፋ የሚሰጥ አኃዝም አለ። ባል ሚስቱን ለመምታት ቢያንስ አንድ በቂ ምክንያት አለው ብለው የሚያምኑ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2000 85 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 63 በመቶ ሆነዋል። አመለካከት እየተለወጠ ነው። ለማንም ያልተናገሩት 66 በመቶ ግን ገመናን ዛሬም ተሸክመዋል።

ሦስተኛው መከለያ

ወደ ሁለቱ ቃላት ልመለስ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 የአስገድዶ መድፈርን ቅጣት አክብዷል። «ከጋብቻ ውጭ» የሚለውን ግን ከ1949 ዓ.ም. ሕግ እንዳለ ወርሶታል። የመታዘዝ ግዴታን የሰረዘ፣ ጠልፎ ማግባትን ከክስ መዳኛ እንዳይሆን ያደረገ ሕግ አውጪ፣ በዚህ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ሁለት መከራከሪያዎች ይቀርባሉ። የመጀመሪያው «ማስረጃ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። የማስረጃ ችግር እውነት ነው። ነገር ግን የማስረጃ ችግር ወንጀሉን ለማስረዳት ያስቸግራል እንጂ ድርጊቱን ወንጀል ከመሆን አያወጣውም። በድብቅ የሚፈጸም ጉቦም ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው፤ ማንም ግን ጉቦ ይፈቀድ አላለም። ሁለተኛው መከራከሪያ «ሕግ እዚህ ከገባ ትዳር ይፈርሳል» የሚል ነው። ይህን የሚሉትን ሰዎች አልንቃቸውም፤ ቤት ሲፈርስ አይተው የሚያዝኑ ሰዎች ናቸው። የምጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ትዳር ያፈረሰው ማን ነው? ከሳሹ ወይስ ተከሳሹ?

መጠበቅ ምን ይመስላል?

የሌሎችን አገሮች መንገድ ማየት ይጠቅማል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ጋና በ2007፣ ዩጋንዳ በ2010፣ ኬንያ በ2015 ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ራሱን የቻለ ሕግ አውጥተዋል። የእነዚህ ሕጎች ዋና መሣሪያ የጥበቃ ትእዛዝ ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው። ተጠቂዋ የወንጀል ክስ እስኪጠናቀቅ ሳትጠብቅ ለዳኛ ታመለክታለች፤ ዳኛው ሥጋቱ እውነተኛ መስሎ ከታየው ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል፤ አጥቂው እንዳይቀርባት፣ እንዳይደውልላት፣ አስፈላጊ ከሆነም ከቤቱ እንዲወጣ ይታዘዛል። ትእዛዙን መጣስ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። እነዚህ አገሮች ችግሩን ፈትተውታል አልልም፤ የአፈጻጸም ጉድለታቸው ብዙ ነው። ነገር ግን ጥያቄውን ለውጠውታል። የእኛ ሕግ «ምን ያህል ተጎዳሽ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የእነርሱ ሕግ «ዛሬ ማታ የት ታድሪያለሽ?» ብሎ ይጠይቃል።

በእኛ አገር ከዚህ ጋር የሚቀራረበው፣ ፍቺ በተጠየቀ ጊዜ ፍርድ ቤት ክርክሩ እስኪያልቅ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆችና ስለ ንብረት የሚሰጠው ጊዜያዊ ትእዛዝ ነው። ይህን ለማግኘት ግን ሴቲቱ መጀመሪያ ፍቺ መጠየቅ አለባት። መፋታት የማትፈልግ፣ መመታት ብቻ እንዲቆምላት የምትፈልግ ሴት የምታንኳኳው በር የለም። ከእንዲህ ዓይነቶቹ ሴቶች ጋር የተነጋገራችሁ ብዙ እንደሆኑ ታውቃላችሁ።

ሕጉ ብቻውንም አይበቃም። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተጀመረው ሕክምናን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን በአንድ ቦታ ያገናኘ ማዕከል መልካም ጅምር ነው፤ በሲቪል ማኅበራት የሚመሩ የመጠለያ ቤቶችም አሉ። ግን ጥቂቶች ናቸው። የ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ጉዳዮች እንዳይሠሩ ሲከለክል፣ ነጻ የሕግ አገልግሎት የሚሰጡትን አቅም ክፉኛ አዳከመ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. ቢተካም የተበተነ ልምድ በአንድ ቀን አይሰበሰብም። ሕግ አውጪው አንድ በር ሲከፍት ሌላውን እንዳይዘጋ የሚያስታውሰን ታሪክ ነው።

ማጠቃለያ

ታሪክ ጠበቃ አይደለም፤ መመስከር ግን ይችላል። ምስክርነቱ ይህ ነው። በሕጋችን ውስጥ «የማይለወጥ ባህል» የተባለው ሁሉ ተለውጧል፤ የመታዘዝ አንቀጽ ሲሰረዝ ቤተሰብ አልጠፋም፤ ጠላፊ ማግባቱ ከክስ የማያድነው ሲሆን ጋብቻ አልቀረም። ስለዚህ የቀረው ሥራ፣ ማለትም ጥቃትን በመደጋገሙና በሁሉም መልኩ የሚተረጉም፣ የጥበቃ ትእዛዝ የሚሰጥ፣ «ከጋብቻ ውጭ» የሚለውን የሚያነሣ ሕግ፣ አገርን የሚያናጋ ነገር አይደለም። በ1992 እና በ1997 የተጀመረውን መጨረስ ነው።

ሽማግሌዎችም ቦታቸውን አያጡም። ሲንቄ የያዙት ሴቶች እንዳሳዩን፣ ማኅበረሰብ ከተመታችው ጎን መቆምን ያውቅበታል። ሽምግልና ከሕጉ ጥበቃ በኋላ፣ ሴቲቱ ስትፈልገውና ሳትፈራ ስትቀመጥ ይምጣ። ጥበቃን የሚተካ ሲሆን ግን ወደነበረችበት መመለሻ መንገድ ብቻ ይሆናል።

ያ የሰፈራችን አጥር ዛሬ የለም፤ በቦታው የብሎኬት ግንብ ቆሟል። ባለፈው ዓመት በዚያ ሳልፍ አየሁት፤ ጠንካራ ግንብ ነው፤ ምንም ክፍተት የለውም። አባቴ በየዓመቱ ሳይነካት የተዋት ክፍተት በዘመኑ ለጎረቤታችን ከማንኛውም አንቀጽ በላይ ጠቅማታለች። እኛ ግንቡን ሠርተናል፤ የክፍተቷን ምትክ ግን በሕግ አልሠራንም። በዚህ አዳራሽ ካላችሁት መካከል ነገ ዳኞች፣ ዐቃብያነ ሕግና ሕግ አርቃቂዎች የምትሆኑ አላችሁ። ሥራው የእናንተ ነው።